ትንቢት፣ ቁጥር አሥራ አራት

ከሰባ ደረጃ በላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣
ሲሚንቶው የተሰነጠቀ፣ አጥሩ የዛገ ቆርቆሮ፣
ቀለበቱ አንድ ብቻ የቀረ ሜዳ አለ።
(ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ከነሰሌዳው ወደቀ።)

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አሰልጣኛችን ነው የላከኝ፦
«ተኳሽ ልጅ አለች ይላሉ፤ ያንተን ዓይን አበድረኝ።»
የኔን ዓይን!
ቀኑን ባንክ ቤት መስኮት ላይ ብር ሲቆጥር የዋለ፣
ጉልበቱ ሁለቴ የተሰፋ፣ ጫማውን ከሰቀለ
አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ዓይን!

ደብተሬን ዘርግቼ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦
ተኩስ፣ ኳስ አያያዝ፣ ያለ ኳስ ሩጫ፣ ልብ።
አራተኛውን ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩ።

«ስሟ ማነው?» አልኩ።
«ትንቢት» አለኝ ከጎኔ ቆሎ የሚቆረጥም ልጅ፤
«ትንቢት ሙሉሰው፤ ቁጥር አሥራ አራት።»
ምዕራፉን መናገር ብቻ የቀረው መሰለኝና ሳቅሁበት።

ሦስት ለሦስት ጀመሩ። ተጋጣሚዎቹ ከካዛንቺስ ናቸው፤
ረጃጅም፣ ባለአዲስ ማሊያ፣ እናቶች ያጨበጨቡላቸው።
እሷ መጀመሪያ ኳስ አልነካችም። ትዞራለች ዝም ብላ፣
ከጓደኛዋ ጀርባ ሾልካ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤
ጠባቂዋ ለአፍታ ዓይኗን ወደ ኳሱ ስትጥል፣
እሷ ማዕዘን ላይ ናት፤ የታክሲ ሰልፍ ሳያፈርስ
ቀድሞ እንደሚሳፈር ሰው፣ ማንንም ሳትበድል።

ከዚያ ኳሱ መጣላት።
አትወረውረውም፤ ታጎርሳለች፤
መዳፏ አየር ላይ ታጥፎ ይቀራል፣
«እምቢ እንዳትል፣ በሞቴ» እያለች።

ግራ እጇ ገና ነው። ወደዚያ ስትነዳ
ታመነታለች፣ በር እንደጠፋው እንግዳ።
ይህንንም ጻፍኩ። ደግሞም ተኩሷ ያጋድላል፤
ሁሌ ወደ ቀኝ፣ ስንዝር የማይሞላ፤ ግን ይገባል።
ዕድል ነው አልኩ። ደገመች፤ ወደ ቀኝ፤ ገባ።
ሦስተኛም። አራተኛም።
በቀይ ብዕር፦ «ጉድለት። አቅጣጫ ይስታታል።
ትልቅ ሜዳ ላይ ያጋልጣታል።»
ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመርኩ።

ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው፣ ሁለት ሆነው ከበቧት።
መተኮስ ትችል ነበር። እኔ ብሆን እተኩስ ነበር።
(ተኩሼም አውቃለሁ፤ ጉልበቴም የሄደው ያኔ ነበር።)
እሷ ግን ለትንሿ፣ ለባለመነጽሯ አቀበለቻት።
ትንሿ ሳተች። መነጽሯም ወደቀ።
ትንቢት ከመሬት አንስታ፣ በማሊያዋ ጠርጋ መለሰችላት።
ልብ ከሚለው ዓምድ ሥር ምንም አልጻፍኩም፤
ብዕሬን ብቻ ጥቂት አሳረፍኩበት።

ሰው ተበተነ። ካፊያ ጀመረ።
ልወጣ ስል ከቀለበቱ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ፤
ዘሟል!
ብረቱ ወደ ቀኝ ጎብጦ፣ አፉ ተንጋዶ ቀርቷል።
«ወንዶቹ ተንጠልጥለውበት ነው» አሉ ዘበኛው፣ «ሁለት ዓመት ሆኖታል፤
እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ በር የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ለካ የካዛንቺሶቹ ቀጥ አድርገው ሲስቱ ውለዋል፤
ለካ ያልሳተችው እሷ ናት።
የቀዩን ጽሑፍ ሰረዝኩት። ወረቀቱ ረጥቦ ተቀደደ።

ቦርሳዋን አንግባ ስታልፍ፣ «ቀጥ ባለ ቀለበት
ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።
«የት አግኝቼ?» አለች። ትንሽ አሰበችና፣
«ያሳዩኝ እንጂ፤ ሦስት ጠዋት ይበቃኛል።»

ደረጃውን ስወርድ ስልኬ ጠራ። አሰልጣኙ ነው። «ምን አየህ?»
«ትንቢት» አልኩት።
ጥቂት ዝም አለና፣
«ቁመቷስ?» አለኝ።